መብራት ከአልጋ ስር አይቀመጥም

ባለፈው መስቀል ቡታጅራ አካባቢ ወደሚገኘው የአጎቴ ቤት የሄድነው በኤሌክትሪክ መኪና ነበር። መኪናው የአክስቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የታክሲ ሥራ ይሠራበታል። በዓሉ ደስ የሚል ነበር። ክትፎውም፣ ቆጮውም፣ ዘመዱም ሞልቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ግን በውስጤ የቀረው አንድ የመንደሩ ባጃጅ ነጂ የተናገረው ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ በተነሳ ቁጥር ልጁ ትዝ ይለኛል። ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ሲናገርም፣ ጓደኞቼ ሻይ ላይ ስለ ዋጋ ሲከራከሩም ያው ነው። ስላልለቀቀኝ ልጽፈው ወሰንኩ።

ስለ ክልከላው፣ ስለ ቀረጡ፣ ስለ ቻይና መኪኖቹ ብዙ ተብሏል። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲታገድ ሁላችንም ሰምተናል። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ድምፅ የሌለው መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ዞሮ የሚያይ ሰው የለም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ገጠሩ ልሂድ።

ከአዲስ አበባ ቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዓለም ገና፣ በጢያ አድርገን ስንደርስ ባትሪው ገና አልተጋመሰም። መኪናውን ጀፎረው ላይ፣ ከአጎቴ አጥር ጎን አቆምነው። የጉራጌን ጀፎረ ያየ ያውቀዋል። በቤቶች መካከል የሚያልፍ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ የጋራ መንገድ ነው። ሠርጉም፣ ልቅሶውም፣ ደመራውም እዚያው ነው። ሲመሽ ኤክስቴንሽን በመስኮት አውጥተን ቻርጅ ላይ ሰካነው።

አጎቴ ገመዱን እያዩ "ስንት ይበላል?" ብለው ጠየቁ። የአክስቴ ልጅ "በቤት ሶኬት ሲሆን እንደ ምጣድ እንኳ አይስብም ጋሼ" አላቸው። እውነቱን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። መኪናው በተራ ሶኬት የሚስበው 2 ኪሎዋት ገደማ ነው። ልዩነቱ ምጣዱ ጋግሮ ይነቀላል፤ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ያድራል። አጎቴ ትንሽ አሰቡና "እኛ ምጣዱም የለን" አሉ። እውነት ነው፣ እዚያ ቤት እንጀራውም ቆጮውም የሚጋገረው በእንጨት ነው። መብራቱ ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ነው።

አጎቴ የህዳሴ ግድብን ቦንድ ከገዙት አንዱ ናቸው። ወረቀቱን ከመሬት ይዞታ ደብተራቸው ጋር በአንድ ሳጥን አስቀምጠውታል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ጎረቤት ሰብስበው በቴሌቪዥን ይከታተሉ ነበር። መሃል ላይ መብራት ሄደ። የቀረውን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ሬዲዮ ሰሙት። ይህን ሲነግሩን አላማረሩም። እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ፣ በሰው እጅ እንደሌለ ነገር አድርገው ነው ያወሩት። እኔን ያሳዘነኝ ይኼ አለማማረራቸው ነው።

## ስልክ ላይ የተሠራ ሒሳብ

ልጁ የመጣው ከራት በኋላ ነው። ሃያ አራት ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ባጃጁን የገዛው ዕቁብ ደርሶት፣ የጎደለውን ከቁጠባና ብድር ማኅበር ተበድሮ ነው። ስላላስፈቀድኩት ስሙን አልጽፍም። ሌሎቹ ወጣቶች ስለ ፍጥነቱና ስለ ስክሪኑ ሲጠይቁ እሱ መኪናውን ዞሮ አየና "ባትሪው ስንት ኪሎዋት ነው?" አለ። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ወንበር ሰጡት። ስልኩን አወጣና ሒሳብ ጀመርን።

ቡታጅራ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባጃጅ አይቶ ዋጋውን ጠይቋል። ባትሪው ባለ 60 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ነው። ሁለቱን ስታባዛቸው 6 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ኪሎዋት ሰዓቱን 10 ብር ብለን ከፍ አድርገን ብንይዘው እንኳ አንድ ሙሉ ቻርጅ 60 ብር ነው። በዚያ 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የእሱ የቤንዚን ባጃጅ ለዚያው መንገድ ከሁለት ሊትር በላይ ይጨርሳል። ሊትሩ ማደያ ላይ ከ100 ብር ካለፈ ቆይቷል። ያውም ማደያ ላይ ከተገኘ ነው። ብዙ ጊዜ ወይ ግማሽ ቀን ይሰለፋል፣ ወይ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን በተጠራው ዋጋ ይገዛል። ምን እንደተቀላቀለበት አያውቅም።

ስለዚያ ሃይላንድ ሳስብ ሁሌ ይደንቀኛል። ቤንዚኑ በዶላር ተገዝቶ በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያ በቦቴ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ መሃል አገር ይገባል። ከቡታጅራ ማደያ በበርሜል ይወጣል። ከበርሜሉ ወደ ጄሪካን፣ ከጄሪካኑ ወደ ሃይላንድ ይገለበጣል። በየእጁ ዋጋው ይጨምራል። የመጨረሻውን፣ ከሁሉም የሚበልጠውን ዋጋ የሚከፍለው ገበሬው ነው። ጎመኑን ወይ በርበሬውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ለባጃጁ የሚከፍላት ብር ውስጥ ያ ሁሉ መንገድ አለ። መብራት የሚመነጭበት ግቤ ግን የጉራጌ ዞን የምዕራብ ወሰን ነው። ጎረቤት ነው።

ሒሳቡ ሲያልቅ ልዩነቱ ግልጽ ነበር። የአክስቴ ልጅ በሙሉ ልቡ "ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አትገዛም እንዴ?" አለው።

## ከአልጋው ስር ያለው ሁለት ሊትር

ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተ። "ሒሳቡ ልክ ነው" አለ። ከዚያ ስለ አንድ ያለፈ ዓመት የክረምት ሌሊት አወራን።

ጎረቤቱ ያለች ሴት ምጥ ያዛት። ሌሊት ነው፤ ዝናብ አለ። አምቡላንስ ተደወለ፣ ሌላ ቀበሌ ሄዷል ተባለ። በር አንኳኩተው ቀሰቀሱት። ባጃጁ ውስጥ ያለው ቤንዚን ጤና ጣቢያው ድረስ አያደርስም። በዚያን ሰሞን ደግሞ በማደያውም በመንገድ ዳሩም ቤንዚን ጠፍቷል። እሱ ግን ከአልጋው ስር በሃይላንድ ያስቀመጠው ሁለት ሊትር አለው። ሥራ ቢያቆምም፣ ገበያ ቀን ቢያመልጠውም ያቺን አይነካትም። ለእንዲህ ያለ ሌሊት ናት። ቀዳት፣ ሴትየዋን ከነእናቷ ጫነ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ አደረሳት። እናትም ልጅም ደህና ናቸው።

"ቤንዚን ቢጠፋ ከአልጋዬ ስር አለኝ" አለን። "መብራት ግን ከአልጋ ስር አይቀመጥም።"

የአክስቴ ልጅ መልስ ሊሰጠው አፉን ከፍቶ ተወው። አጎቴ ቀጠሉ። በዚያው ክረምት የመንደሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ነበር። የሚመለከተው መስሪያ ቤት መጥቶ አየ፣ መዘገበ፣ ሄደ። "ተራ ጠብቁ" ተባሉ። ጠበቁ። ሽማግሌ ላኩ፣ ጠበቁ። ክረምቱ ወጥቶ መኸር እስኪገባ ድረስ መንደሩ ጨለማ ነበር። የኤሌክትሪኩ ወፍጮ ቆመ። ሴቶቹ እህል ተሸክመው፣ አህያ ያላቸው ጭነው፣ ማዶ ያለው የናፍጣ ወፍጮ ድረስ ይሄዱ ነበር። ልጁ ይህን ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማና አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። "ያኔ የመብራት ባጃጅ ቢኖረኝ እኮ እሷን የሚወስዳት የለም ነበር።"

እኔ እዚያች ጋ ቆሜ ቀረሁ። ከተማ ውስጥ ስለ ገጠርና ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ ስናወራ ሁለት ነገር ነው የምንለው። ወይ "ዋጋው አይቻልም" ወይ "ገና አልገባቸውም"። ይህ ልጅ ዋጋውን ያውቀዋል፤ ነገሩም ከማንኛችንም በላይ ገብቶታል። የሚመዝነው የዓመቱን ትርፍ አይደለም። ከዓመቱ ሌሊቶች ሁሉ ክፉውን ሌሊት ነው የሚመዝነው። አዲስ አበባ ላለ ባለታክሲ መብራት መጥፋት የአንድ ቀን ገቢ ማጣት ነው፤ ደግሞ ሌላ ሰፈር ሄዶ ይሰካል። እዚያ ግን ባጃጅ ታክሲም፣ የጭነት መኪናም፣ አምቡላንስም ነው። ሌላ ሰፈር የለም። ለዚህ ልጅ "በአማካይ ርካሽ ነው" ብትለው አማካዩ ውስጥ ያቺ ሴት የለችም።

ሌሊቱን ሳስብ ቆየሁ። ባትሪ እኮ ከአልጋ ስር የሚቀመጥ መብራት ነው። ታዲያ ትርፍ ባትሪ ለምን አይያዝም? ጠዋት ይህንኑ ለልጁ አነሳሁለት። አስቦበታል። የሚሸጡት ባጃጆች ባትሪ የእርሳስ ነው፤ አምስት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተደርድሮ ነው 60 የሚሞላው። አንዱ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስቱ 150 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። በዝናብ፣ በሌሊት፣ ማን ይቀይራል? የሊትየሙ በጣም ይቀላል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ዋጋው ግን ለአንድ ሰው ከባድ ነው። ለአንድ ሰው ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ሌላም ያሰበበት ነገር አለ። የእርሳስ ባትሪ በየቀኑ ሲሠራበት አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ ነው። ከዚያስ? አሮጌው የት ይጣላል? በየጓሮው እንሰት አለ። እንሰት ግንዱና ከመሬት በታች ያለው አምቾው የሚበላ ተክል ነው። አሲድና እርሳስ በዚያ አፈር ላይ ቢፈስ በልጆች ምግብ ውስጥ ይገባል። ሻጩ አሮጌውን ባትሪ መልሶ እንዲወስድ የሚያስገድድ አሠራር መንደሩ ድረስ ካልወረደ፣ ከከተማ ጭሱን አስወግደን ለገጠር መርዙን ልንልክለት ነው። ይህን ጉዳይ ከባጃጆቹ ቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

## የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው

ተረቱ የቆየ ነው፤ ለዚህ መንደር ግን ዛሬ የተተረተ ይመስላል። አገሪቱ 5150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ አስመርቃለች። ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ኬንያ የሚገባው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከ2015 ጀምሮ ኃይል እየሸጥንበት ነው። በዚህ እኮራለሁ። ኃይልን ተራራና በረሃ አሻግረን፣ ድንበር አሳልፈን ማድረስ እናውቅበታለን ማለት ነው። ያቃተን የመጨረሻዋ ኪሎ ሜትር ናት። በ2010 ይፋ የተደረገው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2017 ለሁሉም ቤት መብራት ለማድረስ ያለመ ነበር። ጊዜው አልፏል፤ ግማሽ የሚሆነው ሕዝብ አሁንም መስመር የለውም። መስመር ያለውም እንደ አጎቴ መንደር ነው።

ስመለስ አንድ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ጓደኛዬን "ሁሉም ባጃጅ በኤሌክትሪክ ቢሆን የገጠር ትራንስፎርመር ይችለዋል?" ብዬ ጠየቅኩት። ወረቀት አንስቶ ጻፈልኝ። አንድ አነስተኛ የገጠር ትራንስፎርመር አቅሙ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ በግርድፉ 50 ኪሎዋት ነው እንበል። አሥራ አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ቢሰካ ይሞላል። የወፍጮ ሞተር ብቻውን 15 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። ባጃጅ ግን ማታ ሲሰካ 1 ኪሎዋት አካባቢ ነው የሚስበው። ሃያ ባጃጅ በአንድ ሌሊት ቢሰካ 20 ኪሎዋት ነው፤ ከአቅሙ ከግማሽ በታች። ያውም ወፍጮው ዘግቶ፣ መንደሩ ተኝቶ፣ መስመሩ ሥራ በፈታበት ሰዓት ነው። እንዲያውም እንዲህ ያለ ጭነት ይጠቅማል አለኝ። ሌሊት ሳይሸጥ የሚቀረው ኃይል ይሸጣል፤ ከዚያ የሚገኘው ገቢ ለጥገና ይሆናል።

"ታዲያ ለምን ይቃጠላል?" አልኩት። መልሱ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። መብረቅ፣ የጎደለ ዘይት፣ በአንድ ፌዝ ላይ፣ ማለትም ከሦስቱ የኃይል ሽቦዎች በአንዱ ብቻ ላይ፣ የተከመረ ጭነት። ወፍጮም ብየዳም ቤትም እንደ ተገኘ ይቀጠላል፤ ማን የቱ ፌዝ ላይ እንዳለ የሚያይ የለም። ክረምት ሲገባ የመብረቅ መከላከያው ይሥራ አይሥራ የሚያረጋግጥ የለም። ሦስቱም አስቀድሞ ቢታዩ የሚከላከሏቸው ነገሮች ናቸው። ሦስቱም የሚፈልጉት ውድ መሣሪያ ሳይሆን በዓመት አንዴ መሰላል ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ነው። እና ደግሞ ሲቃጠል የሚተካ አንድ ትርፍ ትራንስፎርመር፣ በዞን ደረጃ፣ መጋዘን ውስጥ።

ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው መስመር የደረሰው ቀበሌ ቁጥር ነው። የአጎቴ ቀበሌ ተቆጥራለች። ክረምቱን በሙሉ በጨለማ ስታሳልፍም "መብራት ያላት" ተብላ ነው የተቆጠረችው። እኔ ብጠየቅ የሚቆጠረው ሰዓት ይሁን እላለሁ። በወር ስንት ሰዓት በራ? ሲጠፋ በስንት ቀን ተመለሰ? የኤሌክትሪክ ባጃጅ ገጠር ይገባል ወይ አይገባም የሚለው የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ነው። የቀረጥ ቅናሽ የሻጩን ዋጋ ይቀንሳል፤ የልጁን ፍርሃት አይቀንስም።

መስመሩ እስኪስተካከል ድረስም የሚቻል ነገር አለ። የክትባት ማቀዝቀዣቸው በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ጤና ኬላዎች አሉ። የመንደሩ ሰው ያንን ሰሌዳ ያውቀዋል፤ ማንም አዲስ ነገር ብሎ አይፈራውም። አንድ የባጃጅ ባትሪ ለመሙላት ፀሐይ ባለበት ወቅት ከ1.5 እስከ 2 ኪሎዋት የሚሆን ሰሌዳ ይበቃል። በክረምት ደመና እጥፍ ያስፈልግ ይሆናል። ጤና ኬላው አጠገብ ሁልጊዜ የተሞላ የሊትየም ባትሪ ቢኖር፣ እንደ ልጁ ሁለት ሊትር ማንም የማይነካው፣ የዚያን ሌሊት ጥያቄ ይመልሳል።

## አባቶቻችን ያዋጡት ለምን ነበር?

ይህን ሳስብ የጉራጌ አባቶች ሥራ ትዝ አለኝ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ለአገራቸው መንገድ ገንዘብ ማዋጣት ጀመሩ። ሊስትሮው፣ ነጋዴው፣ ባለሥልጣኑ እንደ አቅሙ ሰጠ። ገጠር ያለው ገበሬም ከፈለ፤ በጉልበቱም ወጣ። ከመንግሥት ጋር ተነጋግረው መንገዱን አስቆረጡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው በእነሱ ደርሷል። እኔን የሚገርመኝ የመረጡት ነገር ነው። ያን ጊዜ መኪና መግዛት የሚችል ሀብታም በመካከላቸው ነበር። ለመንደሩ አንድ አውቶብስ ገዝቶ መስጠት ይቻል ነበር፤ ስምም ያስጠራል። እነሱ ግን መንገዱን አስቀደሙ። መንገዱ ሲደርስ መኪናው በራሱ መጣ።

እኛም አዲስ አበባ ውስጥ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር አለን። ከመስቀል መልስ በነበረው ስብሰባ ላይ አንድ ወንድማችን ለቀበሌው የኤሌክትሪክ ሚኒባስ እንግዛ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ብዙ ሰው ወደደው። ቅን ሐሳብ ነው፤ እኔም ያቀረበውን ሰው አከብረዋለሁ። ግን ተነስቼ የልጁን ታሪክ ተናገርኩ። ትርፍ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ለጤና ኬላው ይቅደም፣ ስለ ትራንስፎርመሩም መስሪያ ቤቱን እንጠይቅ አልኩ። ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው የሊትየም ባትሪ ዋጋ ለእኛ ለብዙዎቹ ከባድ አይደለም።

አንድ አባት ተቆጡ። "ትራንስፎርመር የመንግሥት ንብረት ነው። ቦንድ ገዝተናል፣ ቆጣሪ ከፍለናል። አሁን ደግሞ ትራንስፎርመር ልንጠብቅ ነው?" አሉ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው። እውነት አላቸው። ሕዝቡ የድርሻውን ከፍሏል፤ ጥገናው የመስሪያ ቤቱ ግዴታ ነው። እኔም ግዴታውን እናንሳለት አላልኩም። ግዴታውን በደብዳቤ፣ በቀንና በቁጥር እንጠይቀው ነው ያልኩት። የመንገዱ አባቶችም መንግሥትን ቁጭ ብለው አልጠበቁትም፤ ብቻቸውንም አልሠሩትም። ገንዘባቸውን ይዘው በሩን አንኳኩ።

ስብሰባው ረጅም ነበር። ሚኒባሱ ለጊዜው ቆየ። ለባትሪውና ለሰሌዳው መዋጮ ተጀመረ። ደብዳቤውን የምናረቅ ሰዎች ተመረጥን፤ እኔም አለሁበት። ትናንት ባጃጅ ነጂውን ደውዬለት ነበር። ምን ቢሟላ እንደሚገዛ ስጠይቀው ሳያስብ መለሰልኝ። "ክረምት ላይ ሲቃጠል በሳምንት ውስጥ የሚቀይሩት ከሆነ እገዛለሁ። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ተራው ላይ ያለነው በሙሉ እንገዛለን።"

ስለዚህ የደብዳቤው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ሆኗል፦ የዚህ ቀበሌ ትራንስፎርመር ዛሬ ቢቃጠል፣ ሌላ እስኪተካ ስንት ቀን ይፈጃል? መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጡን ጠይቀናል።